ባለቤት የሌለው ግስ

«እኔ ልብወለድ አላነብም» ማለት በከተማችን የቁምነገረኛነት ምልክት ከሆነ ሰነባብቷል። ባዩ አብዛኛውን ጊዜ ሸምገል ያለ፣ የተማረ፣ ሰው የሚያከብረው ነው። ማኪያቶውን እያማሰለ «ለተረት ተረት ጊዜ የለኝም፤ የማነበው እውነተኛ ታሪክ ብቻ ነው» ይላችኋል። እውነተኛ ታሪክ የሚለው ደግሞ በአብዛኛው የባለሥልጣናት ማስታወሻ ነው። የትኛው ስብሰባ ላይ ማን ምን እንዳለ፣ የትኛው ጄኔራል ከየትኛው ጋር እንደተኳረፈ፣ የትኛው ሚኒስትር በየትኛው በር እንደወጣ። እነዚህን መጻሕፍት እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል፤ ገጽ እየጠቀሰ ይከራከርባቸዋል። ልጁ ሶፋ ላይ ተጋድማ ልብወለድ ስታነብ ሲያይ ግን ሥራ የፈታች ይመስለዋል።

ከዚህ ሰው ጋር ጠብ አለኝ። ጠቡ የግል አይደለም፤ እንዲያውም እንዲህ ካለው ሰው ጋር ቡና መጠጣት ደስ ይለኛል፤ ጨዋታ አዋቂ ነው። ጠቤ ከአነባበቡ ጋር ነው። ባለፈው የካቲት ደግሞ ለዚህ ጠብ የሚሆን በቂ ስንቅ ቋጥሬያለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የካቲት የታሪክ ወራችን ነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888፣ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ የካቲት 12 ቀን 1929፣ አብዮቱ በየካቲት 1966። ጋዜጣውም ሬዲዮኑም ታሪክ ታሪክ ይሸታል። እኔም በዚህ ወር ከመደርደሪያዬ፣ ከመጽሐፍ አዟሪዎችና ከወዳጆቼ የሰበሰብኩትን፣ ዓይነቱ የማይገናኝ መጽሐፍ ቀላቅዬ ሳነብ ከረምኩ። የባለሥልጣን ማስታወሻ፣ ልብወለድ፣ የወንጀል ምርመራ፣ ገድል፣ የስኬት መጽሐፍ፣ የመሬትና የግብር ሰነድ፣ አንድ ሁለት የግጥም መድብል። ጠዋት አንዱን፣ ታክሲ ውስጥ ሌላውን፣ ማታ ሦስተኛውን። ቤት ያሉት «ይኼ ሁሉ አንድ ላይ እንዴት ይዋሃዳል?» ብለው ስቀውብኛል። አይዋሃድም። ግን የትኛው ወጥ ጨው እንደበዛበት የሚታወቀው ከሌላው ጋር ሲቀርብ ነው።

ከማስታወሻዎቹ ልጀምር፤ ብዛቱም ክብሩም የእነሱ ነውና። ገነት አየለ ሐራሬ ድረስ ሄዳ የሌተና ኮሎኔል መንግሥቱን ትዝታዎች ይዛልን ከመጣችበት ከ1994 ዓ.ም ወዲህ ብዙ ተጽፏል። ሰውየው ራሳቸው በ2004 «ትግላችን»ን አሳተሙ። ፍቅረሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን አስከተሉ። ከወዲያኛው ሰፈር ደግሞ ክፍሉ ታደሰ በ«ያ ትውልድ» የኢሕአፓን ነገር በበርካታ ቅጽ አስቀምጦልናል። ይህ በረከት ነው። ምስጢሩን ይዞ ከተቀበረ ባለሥልጣን እያደላም ቢሆን የጻፈው ይሻላል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ! (ውርስ ዕዳም እንደሚጨምር ተረቱ አይነግረንም እንጂ።) ስለዚህ መጻፋቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። ከዚህ በኋላ የምለውም ስለ አንድ መጽሐፍ ወይም ስለ አንድ ሰው አይደለም። ስለ ዓይነቱ ነው፤ ደርግም ይሁን ተቃዋሚው፣ ወታደርም ይሁን ታጋይ።

የወሩ አጋማሽ ላይ እርሳስ ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። የማሰምርበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ተ»። ተወሰነ። ታሰሩ። ተረሸኑ። እርምጃ ተወሰደ። ስሕተት ተፈጸመ። ትምህርት ቤት ሳለን የአማርኛ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዓረፍተ ነገር ጽፈው «የዚህ ግስ ባለቤት ማን ነው?» እያሉ ሲያፋጥጡን የነበረው ጊዜ ትዝ አለኝ። «አበበ በሶ በላ» ከተባለ ባለቤቱ አበበ ነው። «በሶው ተበላ» ከተባለ ግን አበበ ከነጭራሹ የለም፤ በሶው ራሱ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆኖ ቁጭ ይላል። የእኛ የፖለቲካ ማስታወሻ የተበላ በሶ ታሪክ ነው። ሟቾች በራሳቸው ሞት ላይ የግሱ ባለቤት ሆነው ተቀምጠዋል፤ ገዳይ የለም።

እሺ፣ ይሁን፣ «ይኼ የጨዋነት አነጋገር ነው» ትሉኝ ይሆናል። እኛ ሀገር እኔ እኔ ማለት ነውር ነው፤ ትሕትና ነው፤ የአማርኛ ወግ ነው። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አስቤ ነበርና የእርሳሴን ሌላ ጫፍ ለ«እኔ» አዋልኩት። ትሕትናው የሚሠራው በአንድ በኩል ብቻ ሆኖ ተገኘ። መንገዱ ጋ ሲደረስ «አሠራሁ» አለ። ትምህርት ቤቱ ጋ «አስከፈትኩ»። የተጣሉት ባልደረቦች ጋ «አስታረቅኩ»። ገጹ ተገልጦ እስር ቤቱ ጋ ሲደረስ «እኔ» ድንገት ስብሰባ አቋርጦ ይወጣል። በአብዛኞቹ መጻሕፍት ድምፅ ይሰጣል እንጂ እጅ አይወጣም። «ጉባኤው ወሰነ» ይባላል። ጉባኤ እጅ የለው፣ ጉባኤ ልብ የለው፣ ጉባኤ ሌሊት ባንኖ አይነሳ!

ደግሞ ልብ በሉ፤ አማርኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ግስ አጥቶ አይደለም። ብዙ ቋንቋዎች ሐረግ ሲገጣጥሙ የሚውሉበትን ነገር እኛ በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን። በገዛ እጁ ያደረገ «ገደለ» ይባላል። በሰው እጅ ያደረገ «አስገደለ» ይባላል። አሳሰረ፣ አስገረፈ፣ አስፈጀ። ይህ «አስ» የሚሉት ነገር የሥልጣን ግስ ነው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግስ ነው። ባለማስታወሻውም ያውቀዋል፤ አሁን ስለ ትምህርት ቤቱ «አስከፈትኩ» ሲል ሰምተነው የለም እንዴ? «አስከፈትኩ» የሚል ብዕር «አስገደልኩ» ላይ ሲደርስ ቀለም ያልቅበታል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚሉት አባቶቻችን ሰዋስው ሳይማሩ ነው እዚህ የደረሱት።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አንድ ሌሊት ላይ። (አያችሁ? እኔም «ተረሸኑ» ብዬ ጻፍኩ፤ የለመደ ብዕር ነው። ደርግ ረሸናቸው።) እስቲ ቤታችሁ ያለውን ማስታወሻ አውጡና የዚያን ሌሊት ገጽ አንብቡት። የሚያስፈልጋችሁ እርሳስ ብቻ ነው።

ይቅርታ የጠየቁ የሉም ወይ? አሉ፤ ለእነሱ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ግን ይቅርታውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ለተፈጸመው» ነው።

እንግዲህ እነዚህን ጽሑፎች ቀን ሳነብ ውዬ ማታ ለማረፍ ብዬ ያነሣሁት ምን ነበር? የወንጀል ምርመራ ልብወለድ። ማሞ ውድነህ በስለላ ትርጉሞቻቸው አንድ ትውልድ እንቅልፍ ያሳጡበት ዓይነት፣ ቁምነገረኛ ሰው ጋዜጣ ውስጥ ሸፍኖ የሚያነበው። ዛሬም በየመንገዱ ዳር ሽፋኑ ላይ ሽጉጥና ሊፒስቲክ ተደርጎበት ይሸጣል። ይህ የተናቀ መጽሐፍ በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ሰው ይሞትበታል፤ የቀሩት ሦስት መቶ ገጾች በሙሉ ሥራቸው አንድ ጥያቄ ነው። ማን? አስቡት፤ መርማሪው ሲለፋ ሲደክም ከርሞ በመጨረሻው ገጽ «እንግዲህ ሰውየው ተገደለ፤ ጊዜው አስቸጋሪ ነበር» ብሎ ኮፍያውን ቢያደርግ ምን ታደርጋላችሁ? መጽሐፉን ለሻጩ መልሳችሁ ገንዘባችሁን ትጠይቃላችሁ። ታዲያ ከአምስት ብር ልብወለድ የምንጠይቀውን ከአምስት መቶ ብር ማስታወሻ ለምን አንጠይቅም?

የስኬት መጽሐፍ የሚሉትንም አንድ አነበብኩ። አንድ ሲባል ሁሉም ነው፤ ወንድማማቾች ናቸው። ከውጭ ቋንቋ በችኮላ የተመለሱ፣ ሽፋናቸው ላይ ደረጃ የሚወጣ ሰው ያለባቸው። እነዚህ ደግሞ ግሳቸው ሌላ ነው። ተነሣ! አስብ! ወስን! ባለቤት አለ፤ ባለቤቱ «አንተ» ነህ፤ ሁሌም አንተ ብቻ። ደሃ ከሆንክ በአስተሳሰብህ ነው። ሥራ ካጣህ በራስ መተማመን ስለጎደለህ ነው። የቤት ኪራይ፣ የኑሮ ውድነት፣ ዘመድ የሌለው የማይገባበት ቢሮ፣ እነዚህ ሁሉ ሰበብ ናቸው። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው፣ እውነቴን ነው፣ ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ ያዘኝ። ሠራዊት ያዘዘው፣ በአንድ ፊርማ ክፍለ ሀገር ያንቀሳቀሰው ሰው ለምንም ነገር ተጠያቂ አይደለም፤ «ሁኔታው» ነው፣ «ጊዜው» ነው። መርካቶ ውስጥ ሶፍትና ማስቲካ አዝሎ የሚሮጠው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን ለሕይወቱ በሙሉ፣ ለአባቱ ድህነት ሳይቀር፣ ራሱ ተጠያቂ ነው። አንዱ መደርደሪያ ላይ ኃያላን ሁሉ ደካሞች ናቸው። ሌላው መደርደሪያ ላይ ደካማው ሁሉ ኃያል ነው። ሁለቱንም የሚሸጥልን አንድ አዟሪ ነው፤ ሁለቱንም በእኩል እምነት የሚገዛ አንባቢም ሞልቷል።

«ገድል ደግሞ ምን ሊያደርግልህ?» ያለኝ ወዳጅ ነበር። ገድለ ተክለ ሃይማኖትን ነው ያነበብኩት። የተማረ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። ጻድቁ በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ ሲባል አንገቱን ይነቀንቃል። ያው ሰው ግን የማስታወሻው ጌታ በአምስት ዓመቱ የመሬት ሥሪቱ ግፍ ገብቶት እንዳለቀሰ ሲነገረው ሳይጠራጠር ገጹን ይገልጣል። ቅርጹን እዩት እስቲ፦ በልጅነት የታየ ምልክት፣ ከክፉዎች ጋር ትግል፣ ማንም ሳያውቅ አስቀድሞ ማወቅ («ተናግሬ ነበር፣ የሰማኝ የለም»)፣ ስደት፣ በመጨረሻም ለትውልድ የሚተላለፍ ቃል። ይኼ ገድል ነው እንጂ ምንድን ነው? ልዩነቱ ገድሉ ገድል ነኝ ብሎ ርእሱን ሳይደብቅ መቅረቡ ነው። ደግሞም በገድል ውስጥ ጻድቁ ራሳቸውን ኃጥእ ብለው ያለቅሳሉ፤ ጸሐፊውም ራሱን ኃጥእ ብሎ ጸልዩልኝ ይላል። በማስታወሻው ግን ኃጥእ የሚባል ካለ የሞተው ነው፤ መልስ አይሰጥማ። ለአማርኛ ጆሮ «ገደለ»ና «ገድል» ከአንድ ሥር የበቀሉ ይመስላሉ፤ በእነዚህ መጻሕፍት የመጀመሪያው ጠፍቶ ሁለተኛው ብቻ ነው የቀረው።

የግጥም መድብሎቹን እለፋቸው። አንዱ ደግ ነበር፤ ሌላው መጽሐፍ ለመሆን የቸኮለ ነው።

አሁን ወደ ተናቀው ልብወለድ። በመጀመሪያ ስለ ስሙ አንድ ነገር ላንሣ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያ የሚባለውን የአማርኛ ልብወለድ በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ሲያሳትም ርእሱን «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር ያለው፤ «ጦቢያ» የሚለው በኋላ የጸናለት ስም ነው። ልብ ወለድ ታሪክ። እኛ ጊዜ ሲሄድ «ታሪክ» የሚለውን ቆርጠን ጣልንና «ልብወለድ» አልነው። ከዚያም የቆረጥነው እኛ መሆናችንን ረስተን «ልብወለድ ታሪክ አይደለም» እያልን መከራከር ጀመርን።

በዚህ ወር ለሦስተኛ ጊዜ «ኦሮማይ»ን አነበብኩ። በዓሉ ግርማ መጽሐፉን ያወጣው በ1975 ዓ.ም፣ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነው። በ1974 ኤርትራ ውስጥ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚያውቀው ከወሬ አይደለም፤ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ አሥመራ ላይ የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ ሲያንቀሳቅስ ነበር። ማስታወሻ ሊጽፍ ይችል ነበር። ሁሉም ነገር ነበረው፤ ስብሰባው፣ ስሞቹ፣ ቀኖቹ። ልብወለድ ጻፈ። ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ ፈጠረና «እኔ» እያለ እንዲተርክ አደረገው። እርሳሴን ይዤ ገባሁበት፤ ባለቤት የሌለው ግስ ፍለጋ። ጸጋዬ አዲስ አበባ ውስጥ የምትጠብቀው እጮኛ እያለችው አሥመራ ላይ ፊያሜታን ሲወድ «ፍቅር ተፈጠረ» አይልም፤ እሱ ነው የወደደው፣ እሱ ነው የከዳው። የሚያሰራጨው ፕሮፓጋንዳ የሱ ነው፤ በገዛ አፉ ይናገራል፣ የሚናገረውን እየተጠራጠረም ይናገራል። ናቅፋ አልያዝ ሲል፣ ወጣቱ ተራራው ሥር ሲረግፍ፣ «ጊዜው አስቸጋሪ ነበር» ብሎ ኮፍያውን አያደርግም። ይህ በሥጋ ተወልዶ የማያውቅ፣ በቀለም የተሠራ ሰው፣ በሕይወት ካሉትና መታወቂያ ካላቸው ተራኪዎቻችን ይልቅ ለ«እኔ» ይታመናል።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የፈጠራ ሰው ከርቸሌ አይወርድም፤ ጡረታው አይቋረጥም፤ ልጆቹ በአባታቸው አያፍሩም። ስለዚህ ሊናዘዝ ይችላል። የሚፈራው ደራሲው ነው። በዓሉ ደግሞ የፈራው ደረሰበት። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፣ ከየመደብሩ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው መንገድ ላይ ተገኘች፣ እሱ ግን እስከ ዛሬ የለም። የካቲት ስንት ነገር እንደምናስብበት ቅድም ዘርዝሬያለሁ፤ ይህችን የሚጨምር ሰው ጥቂት ነው። አዩልኝ፤ እዚህ ላይ እኔም «ታገደ»፣ «ተባረረ» ለማለት ተገደድኩ። የታገደበት ትእዛዝ የማን ፊርማ እንዳለበት፣ ሰውየውን ማን እንዳስያዘውና የት እንዳደረሰው፣ ሊጽፉት የሚችሉ ሰዎች ብዙ ገጽ ጽፈዋል፤ ያቺን ገጽ ግን ትተዋታል። «ኦሮማይ» በበኩሉ በ2025 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ዓለም እያነበበው ነው።

«ልብወለድ ተረት ተረት ነው» የሚለው ወዳጄ ይህን እንዲያስብልኝ እፈልጋለሁ። ደርግ እንደሱ አላሰበም። በደርግ ዘመን ሳንሱር ያነብብ የነበረው ሰው፣ ከሱ በፊት በ1955 የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» ያገዱት ሰዎች፣ «ይኼማ የፈጠራ ሥራ ነው፣ እለፈው» ብለው አያውቁም። ልብወለድ ውስጥ ያለውን ታሪክ ከማንም በፊት የሚያዩት እነሱ ነበሩ። ቁምነገረኛው አንባቢያችን ግን ሳንሱር ያየውን ያህል እንኳ ለማየት አልፈለገም።

ልብወለድ ሁሉ እውነት ይናገራል አላልኩም፤ ኧረ በጭራሽ! በዚሁ ወር ያነበብኳቸው ሌሎች ሁለት ልብወለዶች ውስጥ ወንዱ ሐኪም ነው፣ ሴቷ ፀጉሯ ወገቧ ላይ ይደርሳል፣ አሜሪካ የሚኖር አጎት በምዕራፍ ሰባት ችግሩን ሁሉ ይፈታል። ማስታወሻም ሁሉ ይሸሻል ማለቴ አይደለም። ሕይወት ተፈራ በእንግሊዝኛ ጽፋው በኋላ «ማማ በሰማይ» በሚል ወደ አማርኛ የተመለሰው መጽሐፍ የኢሕአፓን ዘመን ከታች፣ ከአንዲት ወጣት አባል ዓይን ነው የሚያሳየን። የምትወደው ጌታቸው ማሩ በገዛ ድርጅቱ እጅ የጠፋባት ሴት ናት፤ ዓመታት ታስራለች። «እኔ» የሚለው ቃል እሷ ዘንድ ከባድ አልሆነም። ያመነችውን አመንኩ፣ የፈራችውን ፈራሁ ትላለች። ይህን ሳነብ ያደረብኝ ጥርጣሬ ነው፦ «ተ» የሚመጣው ከትሕትና ሳይሆን ከወንበር ከፍታ ይሆን እንዴ? ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር «እኔ» የሚለው ቃል ከእግሩ ሥር እየራቀ የሚሄድ ይመስላል።

እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ የጀመርኩት «ዝክረ ነገር»ም ያልጠበቅሁትን አደረገልኝ። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ያሳተሙት ወፍራም የሰነድ ስብስብ ነው፤ ርስት፣ ጉልት፣ ማደሪያ፣ አሥራት እያለ ይቀጥላል። ጨዋታ የለው፣ እንባ የለው። ግን ገባር ካለ ከፋይ አለ፤ ባለጉልት ካለ ተቀባይ አለ፤ ማን ለማን ምን እንደሚሰጥ ተጽፏል። በዚያው ሳምንት የደርግ ባለሥልጣናትን ክስ የያዘውን «ደም ያዘለ ዶሴ»ን አገላበጥኩ። ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀ የዘር ማጥፋት ክስ። የክስ ጽሑፍ ውበት የለውም፤ ግን ተከሳሽ፣ ቀን፣ ቦታ፣ የሟች ስም ይጠይቃል። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ይዞ ለቀረበ ዐቃቤ ሕግ ዳኛው ፋይሉን ይመልስለታል። አንባቢ ለምን አይመልስም?

ይህን ሁሉ የማነሣው ስላለፈው ብቻ ብጨነቅ ኖሮ ለታሪክ መምህራን ትቼው አርፍ ነበር። የሚያስጨንቀኝ የሚመጣው ነው። በጥቅምት 2013 ተጀምሮ በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት የተቋጨው የሰሜኑ ጦርነት አለ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡትንም ጨምሩበት። የእነዚህም ማስታወሻ ይመጣል፤ መጀመሩም አይቀርም፤ ከሁሉም ወገን። ቋንቋው ከአሁኑ ተዘጋጅቷል። ዜናውን ታስታውሱታላችሁ፦ «ጉዳት ደረሰ»፣ «ንብረት ወደመ»፣ «የሰው ሕይወት አለፈ»። አለፈ! ሕይወት በገዛ እግሯ መንገዱን ተሻግራ የምትሄድ ይመስል። ያኔ «ተ» እንኳ ቀረች፤ ድርጊት የሚባል ነገርም ጠፋ። እናቱ ደጃፍ ላይ የወደቀውን ልጅ ታሪክ አንድ ቀን አንድ ጄኔራል፣ ወይም አንድ ታጋይ፣ ወይም አንድ ሚኒስትር በጥሩ ወረቀት አሳትሞ ይሸጥልናል፤ በውስጡ ልጁ «ሕይወቱ ያለፈ» ይሆናል። እውነተኛ ታሪክ ብቻ የሚያነበው ወዳጃችንም ገጽ እየጠቀሰ ይከራከርበታል፤ የእኔ ወገን አልገደለም፣ ይኸው መጽሐፉ ላይ «ተገደሉ» ነው የሚለው እያለ።

ስለ መጽሐፍ ምረቃዎቻችንም አንድ ቃል ላክል። አዳራሹ ሞልቶ፣ አበባ ተደርድሮ፣ ሦስት ምሁራን መድረክ ላይ ተቀምጠው ስለ መጽሐፉ «ፋይዳ» ይናገራሉ። አንዱ የፊደል ግድፈት ያነሣል፤ ሁለተኛው ማውጫ ቢኖረው ይላል፤ ሦስተኛው ደራሲውን ከልጅነቱ ያውቀዋል። የጥያቄ ጊዜው ስላጠረ ይቅርታ ተጠይቆ ወደ ፊርማው ይታለፋል። ሄጄ ተቀምጬ አይቻለሁ። አንድ ሰው ተነሥቶ «ክቡርነትዎ፣ ገጽ እዚህ ላይ "ተወሰነ" ብለዋል፤ ሲወሰን እርስዎ የት ተቀምጠው ነበር? እጅዎን አውጥተው ነበር?» ሲል ሰምቼ ግን አላውቅም። ጥያቄው ስድብ አይደለም፤ ከአማርኛ መምህሬ ጥያቄ የከፋ አይደለም። እንዲያውም ለደራሲው ውለታ ነው፤ በሁለተኛው እትም ሊያስተካክለው ይችላል፤ በሕይወት እያለ።

የመጋቢት መጻሕፍቴን ከወዲሁ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። ከሰሞኑ አንዱ አዟሪ ክንዱ ላይ እስከ አገጩ ደርድሮ መጣና «ጋሼ፣ ትኩስ ማስታወሻ ይዤልዎታለሁ፣ ጉድ ነው» አለኝ። ሽፋኑ ላይ አንድ ሰው ካርታ ላይ አጎንብሷል። ዋጋውን ጠየቅኩ፤ 600 አለኝ፤ በ500 ተስማማን። ልጁ ገንዘቡን እየቆጠረ ሳለ ከሥር ከተደረደሩት አንዱን፣ ሽጉጥና ሊፒስቲክ ያለበትን፣ መዘዝኩና ይህንንም መርቅልኝ አልኩት።